ከለገሃር እስከ ኦቦክ፦ ዝም ያልኩባቸው 11 ቀናት

ሰሞኑን ሁለት የሰፈሬ ልጆች ለየብቻ መጥተው አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። «በኦቦክ በኩል መንገዱ አሁን እንዴት ነው?» ከጅቡቲ ጠረፍ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያ ወደ ሳዑዲ የሚያሻግሩበትን መንገድ ማለታቸው ነው። ሁለቱም ጠጋ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የጠየቁኝ። እኔም በ2011 ዓ.ም. እንደዚሁ ነበር የጠየቅኩት። ለእነሱ የነገርኳቸውን እዚህም ልጽፈው ወሰንኩ። ሳይጠይቁ የሚሄዱት ከሚጠይቁት ይበዛሉና።

ያደግኩት ለገሃር ነው፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ። አያቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ሽማግሌዎቹ ቡና ላይ ሲቀመጡ ወሬያቸው ሁሉ ድሬዳዋ፣ አይሻ፣ ደወሌ፣ አሊ ሳቢህ ነው። የድሮው ሐዲድ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። አያቴ ግን ጎረቤት እንደሚጠሩ «እዚህ ጅቡቲ» ነበር የሚሉት። ባቡሩ ቆመ፣ እሳቸውም አረፉ። ቃሉ ግን ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ደላላው «በጅቡቲ በኩል ነው፣ ቅርብ ነው» ሲለኝ አልደነገጥኩም። ረግጬው የማላውቀውን አገር የማውቀው መሰለኝ።

ስለ ደላላው አንድ ነገር ልበል። ደላላ ሲባል ሁላችንም የማናውቀው፣ ከሩቅ የመጣ ሰው ነው የሚታየን። እኔን ያነጋገረኝ አብሮኝ ኳስ የተጫወተ ልጅ ነው። እናቴ ቤት ምሳ በልቷል። «5 ሺህ ብር ብቻ ስጥ፣ ቀሪውን ሳዑዲ ገብተህ ሠርተህ ትከፍላለህ» አለኝ። ይህ ነው ያሳሳተኝ። የሚፈልጉት የያዝኩትን ብር መሰለኝ። የሚፈልጉት እኔን ራሴን እንደሆነ፣ ቀሪውን ከቤተሰቤ ላይ እንደሚቀበሉ አልገባኝም። ከብሩ ጋር የአንድ ቤተሰብ ስልክ ቁጥር ጠየቀኝ። «ስትደርስ እናትህን እናበስራታለን» አለ። የእማዬን ቁጥር በእጄ ጻፍኩለት።

ለእማዬ አዳማ ኮንስትራክሽን ላይ ሥራ አገኘሁ አልኳት። ዳቦ ጋግራ ሰጠችኝ። ኅዳር መግቢያ ላይ ነበር።

መንገዱን በዝርዝር አልጽፍም፤ ካርታ መስጠት አልፈልግም። አፋር ውስጥ፣ ሎጊያ ላይ አንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ቀን ቆለፉብን። ስልካችንን ሰበሰቡ። «ኬላ ላይ እንዳትያዙ ነው» አሉ። ያኔ መመለስ ነበረብኝ። ስልኩ ከእጄ ሲወጣ እናቴም ከእጄ ወጣች። ማንም ይሁን፣ በየትኛውም ምክንያት፣ ስልካችሁን አምጡ ካላችሁ ከዚያ በኋላ ተጓዥ መሆናችሁ ቀርቷል። ዕቃ ሆናችኋል።

ከዚያ በሸራ የተሸፈነ አይሱዙ፣ ከዚያ የሌሊት እግር ጉዞ። ለአንድ ሰው ሁለት ሃይላንድ ውሃ ነበር የያዝነው። በሁለተኛው ቀን አለቀ። አንድ ጠዋት ከታች ነጭና አረንጓዴ ነገር ሲያበራ አየን። ውሃ ነው ብለን ሮጥን። የአሳል ሐይቅ ነበር። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ነው ያለው፤ ከአፍሪካ ምድር የመጨረሻው ዝቅተኛ ቦታ ነው። ጨውነቱ ከባሕር ውሃ አሥር እጥፍ ገደማ ይደርሳል። አንድ ልጅ ቀድሞን ደርሶ በእፍኙ ወደ አፉ አስጠጋው። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ስለነበር ጮኸ። ያን ጩኸት አልረሳውም። ውሃ ዳር ቆመን ሁላችንም ጠምቶን ተመለስን።

ታጁራን በሌሊት አለፍናት። ነጫጭ መስጊዶቿ በጨለማም ይታያሉ። ከዚያ ኦቦክ።

ባሕር አይቼ አላውቅም ነበር። ሰማያዊ ነው ብዬ ነበር የምጠብቀው። ሲመሽ ስለደረስን ጥቁር ነበር። ሽታው ከድምፁ ቀድሞ መጣ። በማግስቱ ጠዋት ሸሚዜን ሳወልቅ ጀርባዬ ላይ ጨው ደርቆ እንደ ካርቶን ተንኳኳ።

ኦቦክ ትንሽ ከተማ ናት። የጣውላና የቆርቆሮ ቤቶች፣ ዳር ዳሩን የአፋሮች የሰሌን ጎጆዎች፣ ካርቶን የሚያላምጡ ፍየሎች፣ አሸዋ ላይ የተጎተቱ የዓሣ ጀልባዎች። በእኛ ክረምት ወራት ከምድረ በዳው የሚነሳው ነፋስ ፊት ያቃጥላል ይላሉ፤ እኔ የደረስኩት በተሻለው ወቅት ነው፣ እሱም በቃኝ። ከተመለስኩ በኋላ ወመዘክር ቤተ መጻሕፍት እየሄድኩ ስለዚህች ከተማ አነበብኩ። ፈረንሳዮች በ1862 እ.ኤ.አ. ከአካባቢው ባላባቶች በ10 ሺህ የማርያ ቴሬዛ ብር ገዟት። ጅቡቲ ከተማ ሳትቆረቆር ዋና ከተማቸው ኦቦክ ነበረች። ገዥዋ የነበረው ላጋርድ በኋላ አዲስ አበባ መጥቶ ከአፄ ምኒልክ የእንጦጦ መስፍን የሚል ማዕረግ አግኝቷል። በትኩሳት ያለቁ የፈረንሳይ ወታደሮች መቃብር ዛሬም ባሕሩ ዳር አለ፣ ነጭ ተቀብቶ። ስም የተጻፈበት መቃብር ነው። የእኛ ልጆች መቃብር በአሸዋው ላይ የድንጋይ ክምር ብቻ ነው። ከዚህ በላይ ስለሱ መጻፍ አልችልም።

ያረፍነው ከከተማዋ ወጣ ብሎ ፋንታሄሮ በሚባለው ቦታ ነው። ሜዳ ላይ የተበታተኑ እሾሃማ ዛፎች አሉ። በየዛፉ ሥር ሰው ተኝቷል። ጀልባ እስኪመጣ የሚጠበቀው እዚያ ነው። አራት ቀን ቆየሁ።

እዚያ ያየሁትን ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም ነበር። ዛፉ ሥር የተኛነው ሁላችንም ሂያጆች አልነበርንም። ግማሹ ከየመን የተመለሰ ነው። የሚሄደውና የሚመለሰው አንድ ጥላ ይጋራል። ከከተማው ዳር ደግሞ ማርካዚ የሚባል የስደተኞች ካምፕ አለ። ነዋሪዎቹ ጦርነቱን ሸሽተው ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጡ የመኖች ናቸው። የአገሩ ልጅ ሕፃን ታቅፎ ከሸሸው አገር ልንገባ ነው እኛ ወረፋ የምንጠብቀው።

ከተመላሾቹ አንዱ የወሎ ሰው ነበር። ዕድሜው ከእኔ በጥቂት ዓመት ቢበልጥ ነው። ቀኝ ክንዱ አይታጠፍም፤ በግራው ነበር የሚበላው። ምን ሆነህ ነው አልኩት። ወዲያው አልመለሰልኝም። ብስኩት ሰጠሁት፣ ተካፈልን።

«ወንድምዬ፣ ከጀልባ እንደወረድን በመኪና ጭነው አንድ ግቢ አስገቡን» አለኝ። «ስልክ ደውለው ጆሮዬ ላይ ያዙና መቱኝ። ወላሂ፣ ዱላውን እችለው ነበር። የእናቴን ድምፅ ነው ያልቻልኩት።»

ከዚያ ጠየቀኝ። «የማንን ቁጥር ሰጠህ?»

አልመለስኩለትም። ገብቶታል።

ባሕሩ ራሱ እዚያ ላይ ጠባብ ነው። ባብ ኤል መንደብ በጠባቡ ቦታ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህን ርቀት ሰምቶ ብዙ ሰው ይታለላል፤ «ከአዲስ አበባ ደብረ ዘይት አይሞላም» ይባላል። ችግሩ ርቀቱ አይደለም። ጀልባዋ ከአቅሟ በላይ ትጭናለች፣ ነፋሱ ይነሳል፣ ጠረፍ ጠባቂ የፈራ አሻጋሪ ደግሞ ሰዉን ከባሕሩ ዳር ሳይደርስ «ዝለሉ» ይላል። መመለሱም ያው ነው። መስከረም 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ከየመን የተነሱ ሁለት ጀልባዎች 310 ሰው ይዘው ጅቡቲ ጠረፍ ላይ ኮር አንጋር አጠገብ ሲደርሱ ተሳፋሪው ባሕር ውስጥ እንዲወርድ ተገደደ። ዳርቻው 150 ሜትር ያህል ብቻ ነበር የቀረው። ከ45 ያላነሰ ሰው ሞተ። የእኛ አገር ልጅ፣ በተለይ የደጋው፣ ዋና አያውቅም። 150 ሜትር ለእኛ ከ30 ኪሎ ሜትር ጋር እኩል ነው።

በአራተኛው ሌሊት ተነሳሁ። አጠገቤ የሚተኛውን የኮምቦልቻ ልጅ ቀሰቀስኩት። ከሎጊያ ጀምሮ አብረን ነበርን፣ ውሃ የተካፈልን። «እንመለስ» አልኩት። ቁጭ ብሎ ብዙ አሰበ። «አባቴ በሬ ሸጦ ነው የላከኝ፣ በምን ፊቴ እገባለሁ?» አለኝ። የቤቱን ስልክ ቁጥር በሲጋራ ካርቶን ላይ ጽፎ ሰጠኝ። እኔም የእኔን ሰጠሁት። በዚያ መንገድ ላይ በትክክል ያደረግኩት ነገር ቢኖር እሱ ነው። አብሯችሁ ያለውን ሰው የቤት ቁጥር ያዙ። የራሳችሁንም ስጡ።

ሳይነጋ ወደ ከተማው በእግሬ ተመለስኩ። ከአንዲት ጎጆ ደጅ አንዲት የአፋር አሮጊት ተቀምጠዋል። ቋንቋ የለኝም። እጄን ወደ አፌ አሳየኋቸው። «ሌ» አሉ፤ ውሃ ማለታቸው ነው። በቆርቆሮ ኩባያ ሰጡኝ። ስጨርስ ተቀብለው ደገሙልኝ። ከዚያ ከጎጆው ወጥተው የምሄድበትን አቅጣጫ በእጃቸው አሳዩኝ። እሳቸው ደጅ ስንቱ እንደቆመ እግዜር ይወቅ።

ኦቦክ ውስጥ የዓለም አቀፉ የስደት ድርጅት ማዕከል አለ። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው የቆየው። ውሃ፣ ምግብ፣ ሕክምና ይሰጣሉ። አገሬ መመለስ እፈልጋለሁ ያለውን ሰው ይመዘግባሉ። ፓስፖርት ስለሌለን ሊሴ ፓሴ፣ ማለትም በፓስፖርት ፈንታ የሚሰጥ የጉዞ ሰነድ፣ ከኤምባሲያችን እስኪወጣ ይጠበቃል። ይህ በር አራቱንም ቀን እዚያው ነበር። ፋንታሄሮ ያለው ሁሉ ስለ ማዕከሉ ያውቃል። ደላሎቹ «እዚያ ከገባህ ታስረህ ነው የምትሄደው» እያሉ ያስፈራራሉ። ውሸት ነው። ማንም አላሰረኝም። ስሜን ጠየቁኝ፣ ቁስሌን አጠቡልኝ፣ ሩዝ ሰጡኝ።

አሁን ወደ ትልቁ ስሕተቴ ልምጣ። ይህን ጽሑፍ የጀመርኩትም ለእሱ ብዬ ነው።

በመጀመሪያው ቀን አንዷ ሠራተኛ «ቤተሰብ ደውል» አለችኝ። ነገ አልኳት። በማግስቱም ነገ አልኩ። ምን ብዬ ልደውል? አዳማ ነኝ ብያታለሁ። አምስት ሺህ ብሯን ወስጃለሁ። መጀመሪያ አገሬ ልግባ፣ ከዚያ ፊት ለፊት ይቅርታ እጠይቃታለሁ ብዬ አሰብኩ። ለእሷ ያዘንኩ መስሎኝ ነበር። ያዘንኩት ለራሴ ነው። እንዲህ እያልኩ 11 ቀን ሞላኝ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ደወልኩ።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ» አልኳት።

ዝም አለች። ከዚያ «አንተ ማን ነህ?» አለችኝ። «ብሩን ልኬላችኋለሁ። የልጄን ድምፅ እያስመሰላችሁ አታሰቃዩኝ።»

ጆሮዬን አላመንኩም። «እማዬ፣ የምን ብር?» አልኳት።

እያለቀሰች ነበር። ግን እናቴ ብልህ ናት። «ልጄ ከሆንክ» አለችኝ፣ «ግንባርህ ላይ ያለው ጠባሳ ከየት ነው የመጣው?»

«ሐዲድ ላይ ወድቄ። አያቴ ተሸክመው ነው ሐኪም ቤት የወሰዱኝ።»

ስልኩ ወደቀ። ጩኸቷን ከሩቅ ሰማሁት፤ የጎረቤት ድምፅም ተጨመረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ማዕከሉ ውስጥ ሩዝ እየበላሁ እነሱ በሰጠኋቸው ቁጥር ደውለውላታል። «ልጅሽ የመን ነው ያለው፣ ታስሯል፣ 30 ሺህ ብር ካልላክሽ አታገኚውም» ብለዋታል። የሚያለቅስ ወጣት ድምፅ አሰምተዋታል። እሷ ወደ እኔ ስልክ ስትደውል የሚያነሱት እነሱ ናቸው። ዕቁቧን ለምና አስቀድማ ወሰደች። የጎደለውን ከጎረቤት ተበደረች። ከደወልኩላት ሦስት ቀን በፊት ልካለች። በመጀመሪያው ቀን ደውዬ ቢሆን አንድ ብር አትከፍልም ነበር። ሀፍረቴ 30 ሺህ ብር አስከፈላት። ልብስ አጥባ ነው ያሳደገችኝ።

ስለዚህ ልጃችሁ የወጣባችሁ ቤተሰቦች፣ ይህን ልብ በሉ። እንዲህ ያለ ስልክ ከመጣ ከልጁ በቀር ማንም የማይመልሰውን ጥያቄ ጠይቁ። ስሙን፣ ሰፈሩን፣ የእናቱን ስም አይደለም፤ እሱን ቀድመው ጠይቀውት ያውቁታል። የጠባሳውን ታሪክ፣ ልጅ ሆኖ የፈራውን ነገር ጠይቁ። ሲያለቅስ ብቻ አትስሙ፣ ሲናገር ስሙት። የተደወለበትን ቁጥር፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን ጻፉ። ብር አስገቡበት የተባለውን የባንክ ሒሳብና የባለቤቱን ስም ያዙ። ደረሰኙን አትጣሉ። እማዬ በድንጋጤ ደረሰኙን የት እንዳደረገችው አታውቅም። ለፖሊስ ስናመለክት የያዝነው ወሬ ብቻ ስለሆነ ነገሩ አልገፋም። ሕጉ ግን አለ። አዋጅ ቁጥር 1178/2012 በሰው መነገድንና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን በከባድ እስራት ይቀጣል።

በእርግጥ ልጃቸው የታሰረባቸው ቤተሰቦችም አሉ። ለእነሱ «አትክፈሉ» የማለት አፍ የለኝም። የወሎውን ሰው ክንድ አይቻለሁ። ግን ከመክፈላችሁ በፊት እሱ መሆኑን አረጋግጡ፣ ለብቻችሁም አትወስኑ።

ታኅሣሥ ማለቂያ ላይ በአውቶቡስ በጋላፊ በኩል ተመለስን። ለገሃር ስደርስ እማዬ በር ላይ ቆማለች። ይቅርታ ብዬ ልጀምር ስል ግንባሬን ዳበሰችው፣ ጠባሳውን። ሌላ ምንም አላለችም። ያ ሁሉ የፈራሁት ፊት ይኸው ነበር። የሰፈሩም ሰው አልሳቀብኝም። የዕድሩ እናቶች ቡና አፍልተው መጡ። ዕዳውን ለመክፈል ከሁለት ዓመት በላይ ፈጅቶብኛል። አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሥር ገብቼ ገመድ መጎተት ጀመርኩ፤ ዛሬ ራሴን ችዬ እሠራለሁ።

ውጭ አገር አትሂዱ አልልም። መሄድ የፈለገ ሰው በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሥርዓት ተመዝግቦ፣ ሠልጥኖ፣ ውል ይዞ ይሂድ። በሕጋዊው መንገድ የቪዛውም የአውሮፕላኑም ወጪ የአሠሪው ነው። «ለቪዛ ክፈል» ካላችሁ ሰው ራቁ። ወረፋው ይረዝማል፣ አውቃለሁ። ቢረዝምም ስልካችሁ እጃችሁ ላይ ነው።

የሲጋራውን ካርቶን አልረሳሁትም። ግን እሱንም አልደወልኩም። ምን ልበላቸው ብዬ ኪሴ ውስጥ ያዝኩት። ያን ያህል ተምሬም እንደገና ዝም አልኩ። ጥር 21 ቀን 2011 ዓ.ም. ከኦቦክ በላይ ጎዶሪያ ላይ ሁለት ጀልባዎች ሰጠሙ። ከ50 በላይ ሰው ሞተ። ዜናውን በሬዲዮ ስሰማ ገመድ እየጎተትኩ ነበር። የኮምቦልቻው ልጅ ከወር በላይ ቀድሞ ነው የተሻገረው፣ እዚያ ጀልባ ላይ ሊኖር አይችልም። ቢሆንም እጄ ተንቀጠቀጠ። ማታውኑ ደወልኩ።

እናቱ ናቸው ያነሱት። ከኅዳር ጀምሮ ድምፁን አልሰሙም። ብር የጠየቃቸውም የለም። በሳምንቱ አዲስ አበባ መጡ፣ እኛ ቤት አረፉ። ከለገሃር ስታዲየም አጠገብ ወዳለው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል በእግር ሄድን። ቀይ መስቀል የጠፋ ቤተሰብ ያፈላልጋል፣ በነፃ። ክልል ያላችሁ ቅርንጫፉን ጠይቁ፣ አዲስ አበባ ድረስ መምጣት ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ስትሄዱ ፎቶ ያዙ። ሙሉ ስሙን እስከ አያት፣ መቼና የት ለመጨረሻ ጊዜ እንደታየ፣ ከማን ጋር እንደነበር፣ ምልክቱን አስታውሱ። ያየው ሰው ካለ ይዛችሁ ሂዱ። እስከ ዛሬ መልስ አልመጣም። እናቱ ግን በየዓመቱ ይመጣሉ፣ እኔም አብሬያቸው እሄዳለሁ።

በዚያ የመጀመሪያ ቀን ሠራተኛዋ ቅጹን እየሞላች ለብሶት የነበረውን ልብስ ጠየቀች። እናቱ ወደ እኔ ዞሩ።

«ቀይ ማልያ» አልኩ። «ግራ እጅጌው ተቀዶ በነጭ ክር የተሰፋ።»

«እኔ ነኝ የሰፋሁለት» አሉ እናቱ። «ቀይ ክር አጥቼ ነው።»

ሠራተኛዋ እሱንም ጻፈችው።